ሰኔ 30 በሲስተሮች ግቢ

አዲስ አበባ ተምሮ ያደገ ሰው «ሰኔ 30 እንገናኝ» የምትለዋን ዛቻ አይረሳትም። እርሳሱ የተሰረቀበት፣ ቅጽል ስም የወጣለት፣ በኳስ መሀል የተጠለፈ ሁሉ ቂሙን አይጥለውም፤ ቀጠሮ ይይዝለታል። ስሌቱ ቀላል ነው። ያን ቀን ካርድ ተሰጥቷል፣ የጠባይ ውጤት ተሞልቶ አልቋል፣ «ነገ ወላጅ አምጣ» የሚል መምህርም ነገ የለውም። የትምህርት ካላንደሩ አንዱን ዓመት በ26 ቢዘጋ፣ ሌላውን ዓመት ሐምሌን ቢነካ፣ የመዝጊያው ቀን ስሙ ሰኔ 30 ነው።

እኔ ግን በሲስተሮች በሚመራ አንድ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት አስተምሬአለሁና ሰኔ 30ን በሌላ መልኩ ነው የማውቃት። በነገራችን ላይ ቀኗ የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት ናት። አባቱ ዘካርያስ አንደበቱ ተዘግቶ ሳለ «ልጁ ማን ይባል?» ቢሉት መጻፊያ ለምኖ ስሙን ጻፈላቸው። የጽሑፍ ፈተና ወስዶ ያለፈ ወላጅ በሉት። ትምህርት ቤት ለመዝጋት ከዚህ የተሻለ ቀን አላውቅም።

የመዝጊያውን በዓል ሥርዓት ሁሉም ያውቀዋል፤ ሰልፍ፣ የሕዝብ መዝሙር፣ ድራማ፣ የርዕሰ መምህር ንግግር፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለወጡት ደብተርና መዝገበ ቃላት። የኬጂ ሕፃናት በኪራይ ጋውን ይመረቃሉ፤ ቆቡ ዓይናቸው ላይ ይወርዳል። ስለ ጋውኑ የምለው አንድ ነገር ብቻ አለኝ። ወላጆች ሆይ፣ ስልካችሁን ይዛችሁ መድረኩ ሥር አትኮልኮሉ። ከኋላ የተቀመጡ አያቶች ሦስት ሰዓት ጠብቀው የሚያዩት የእናንተን ጀርባ ነው።

ከመድረኩ በስተጀርባ ያለውን ሮስተር ግን ማንም አያመሰግነውም። ሮስተር ማለት የክፍል ኃላፊው ዓመቱን ሙሉ የተሰጠውን ማርክ ሁሉ የሚያሰፍርበት፣ ጠረጴዛ የሚሸፍን ሰፊ ወረቀት ነው። የኔ ክፍል 52 ልጆች ነበሩት፤ ዘጠኝ ትምህርት፣ ሁለት ሴሚስተር። ይህ 936 ማርክ ነው፤ ድምሩ፣ አማካዩና ደረጃው ገና አልተቆጠረም። ከዚያ ደግሞ ሁሉም አንድ በአንድ ወደ ካርድ ይገለበጣል፤ ከሃምሳ በታች የሆነው በቀይ። ሰኔ አጋማሽ ላይ የመምህራን ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነን እንቀመጣለን። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ከሚነበበው መስመር ሥር ማስመሪያ ይጋደማል። ማስመሪያው በአንድ መስመር ከተንሸራተተ የአንዷ ልጅ ሒሳብ የጎረቤቷ ይሆናል። ዛሬ ኤክሴል መጥቶ ድምሩን ይሠራል፤ ማስመሪያውን ግን እስካሁን ያልጣለ መምህር አውቃለሁ፣ ልክም ነው። ሌላም አለ። ሁለት ልጆች እኩል ሦስተኛ ከወጡ አራተኛ የሚባል የለም፣ ቀጣዩ አምስተኛ ነው። በየዓመቱ አንድ አባት «አራተኛው ማን ሆኖ ነው ልጄን አምስተኛ ያደረጋችሁት?» ብሎ ይሟገተኛል። አባቴ፣ አራተኛ የለም። ተወልዶም አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። «የካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው» ስል ሰው ሁለት ነገር ያስባል። አንደኛ፣ ልጆቹ በሙሉ ካቶሊክ ናቸው ወይም ሊሆኑ ነው። ሁለተኛ፣ ነገሩ ከላይ እስከ ታች የፈረንጅ ነው። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ሁለቱንም በታክሲ፣ በለቅሶ ቤት፣ በሠርግ አስተባብያለሁ፤ ዛሬም ላስተባብል።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሩ ሕዝብ አንድ በመቶ አይሞሉም ነበር። ታዲያ በየከተማው የሚታዩት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በካቶሊክ ልጆች ብቻ ቢሞሉ ወንበሩን ማን ይቀመጥበት ነበር? የኔ ክፍል ውስጥ ከ52ቱ ካቶሊኮቹ ሰባት ነበሩ። የቀሩት ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ጴንጤ ናቸው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ የምናስተምረውም የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ነው። የሚሲዮን ትምህርት የቀመሰ ሁሉ ካቶሊክ ይሆናል ለሚል ሰው ሐረርን አስታውሰዋለሁ። ተፈሪ መኮንን በልጅነታቸው ፈረንሳይኛ ካስተማሯቸው አንዱ የካቶሊኩ ካህን አባ ሳሙኤል ነበሩ። ተማሪው ኋላ የኦርቶዶክስ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ እንጂ ካቶሊክ አልሆኑም።

የፈረንጅነቱም ወሬ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ትግራይ የገቡት ጣሊያናዊው ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ኢትዮጵያውያን ካቶሊኮች አቡነ ያዕቆብ የሚሏቸው፣ የአገሩን ልብስ ለብሰው፣ ቋንቋውን ተምረው፣ በግዕዝ ሥርዓት ቀደሱ፤ ዓዲግራት አጠገብ ጓላ ላይም ለካህናት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ደቡብና ምዕራብ ባሉ ሀገረ ስብከቶች የላቲን ሥርዓት ቢኖርም፣ አዲስ አበባ፣ ዓዲግራትና እምድብር ዛሬም በግዕዝ ሥርዓት ነው የሚቀደሰው። በአንዱ ሰኔ የምስጋና ቅዳሴው ሳያልቅ ካርድ ልትቀበል የመጣች አንዲት አያት ከበሮውንና ጸናጽሉን ሰምታ፣ ጫማዋን አውልቃ ገብታ ቆመች። ስትወጣ በር ላይ አገኘችኝ።

«ልጄ፣ ደብሩ የማን ነው?»

«የካቶሊክ ነው፣ እማማ።»

አማተበች። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገችና «ታዲያ ቅዳሴውን ማን አስተማራቸው?» አለችኝ። ጥያቄዋን የመቶ ሰማንያ ዓመት ታሪክ ነው የሚመልሰው፤ እኔ ሳቅኩና ወንበር ሰጠኋት።

ይህን ሁሉ ግን በክርክር ከማስረዳችሁ ይልቅ ዳቦውን ባሳያችሁ ይሻላል። ሰኔ 30 ሁልጊዜ በጾመ ሐዋርያት ውስጥ ናት። የጾሙ መጀመሪያ ከፋሲካ ጋር ወዲያ ወዲህ ይላል፣ መፍቻው ግን ሐምሌ 5፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ቀን ነው። ስለዚህ በዕለቱ ከሚመጡት እናቶች ብዙዎቹ ቅቤና እንቁላል አይቀምሱም። ሥጋ ቢታሰብ ደግሞ የክርስቲያንና የእስላም ተብሎ ሁለት ድስት ይጠይቃል። ዒድ አል አድሃ በሰኔ የዋለባቸውን 2015 እና 2016ን ስናስብ፣ ሙስሊሞቹ ልጆች በዓላቸውን ገና አክብረው የመጡበት ሰሞን ነበር። ስድስት መቶ ሰው የሚመጣበት ግቢ ውስጥ ማንም «ይሄ የኔ አይደለም» ብሎ የማይመልሰው ምግብ ምንድነው? ድፎ ዳቦ። ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድ። አለቀ።

ሊጡ የሚቦካው በዋዜማው ከሰዓት ነው። የሰኔን ብርድ እርሾ አይወድም፤ ስለዚህ ሲስተሮቹ ገንዳውን ወጥ ቤት ጥግ አድርገው ጋቢ ያለብሱታል፣ ልክ እንደታመመ ልጅ። ኮባውን የሚያመጡት ጓሮአቸው የተከሉ ወላጆች ናቸው። ቅጠሉ እሳት ላይ ለአፍታ ይያዛል፤ ያን ጊዜ አረንጓዴው ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ ሲጠቀለልም አይሰበርም። ወፍራሙ አጥንት በቢላ ይላጣል። የኮባውን አጥንት ሳይልጡ የሚደፉ አሉ፤ ዳቦው ሥሩ ይቦረቦርና ሲቆረስ ይፈረፈራል። እባካችሁ ልጡት። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ትሪዎቹ በጋሪ ሰፈራችን ወዳለው ዳቦ ቤት ይሄዳሉ። ባለቤቱ ሙስሊም ነው፣ ሁለት ልጆቹ እኛ ጋ ይማራሉ፣ ለዚያ ሌሊት ምድጃ ገንዘብ ተቀብሎ አያውቅም። ከመንጋቱ በፊት ዳቦው ሲመለስ ግቢው በሙሉ ኮባ ኮባ ይሸታል።

በሦስተኛው ዓመቴ ዳቦውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በዋዜማው ዘይት ግዛ ተብዬ ተላክሁ። ከሱቅ ስመለስ መንገዴ በቤቴ ነበርና እናቴ ያነጠረችው ቅቤ ትዝ አለኝ። ዳቦው ሲወጣ ላዩን ቢቀባ ምናለበት ብዬ አንድ ማሰሮ ይዤ መጣሁ፤ ማንም ሳያየኝ ሌሊት ዳቦ ቤት ሄጄ የወጡትን ሁሉ ቀባኋቸው። ጾም መሆኑን አውቃለሁ። ግን ይህን ጾም ብዙው ሰው «የቄስ ጾም» እያለ ነው የሚያልፈው፤ እኔም ኦርቶዶክስ ሆኜ እንደዚያው ነበርኩ። ጠዋት ኃላፊዋ ሲስተር ትሪውን ገልጣ አሸተተችና ጠራችኝ።

«ቲቸር፣ ምንድነው ይሄ?»

«ትንሽ ቅቤ ነው፣ ሲስተር። እንዲያምር ብዬ።»

«ጾም አይደለም እንዴ?»

«የቄስ ጾም ነው» አልኩ፣ ለመቀለድ።

ሳቅ የለም። «የቄሱ ልጅ ሁለተኛ ቢ ናት» አለችኝ። «አባቷ ዛሬ ይመጣሉ። ምን ላብላቸው?»

አሥራ ሁለት ትሪ ዳቦ ነበር። ሌላ ሊጥ ተቦካ፤ ገንዳው ጋቢውን ለበሰ፣ እርሾው በብርዱ ለገመ፣ በዓሉ ሳይቆረስ ተጀመረ፣ ዝናቡም ከሁላችን ቀድሞ ደረሰ። ቅቤ የተቀባው ጾም ለሌላቸው ተለየ፣ ስድስት ትሪ ተረፈ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሁለተኛው ዳቦ መጣ። የልጅቷ አባት ቄሱ እስከዚያ ድረስ ድንኳኑ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ፤ ባረኩ፣ ቆረሱ፣ አንዱን ቁራሽ ለኔ ሰጡኝ። የሆነውን አልነገርኳቸውም። አሁንም የጾመ ሐዋርያት ጠዋት በመጣ ቁጥር የቅቤ ማሰሮ ሳይ አንገቴን እደፋለሁ። የጾም ትምህርት የሰጠችኝ ግን ካቶሊክ መነኩሲት መሆኗን ለእናቴ አልሸሸግኳትም፤ እናቴ «ተባረኪ» አለቻት፣ በሌለችበት።

ነቀፋም አለኝ፣ ለሁለቱም ወገን። ወላጆች፣ ካርድ ብቻ ለመውሰድ አትምጡ። መኪናውን ሳያጠፋ በር ላይ ቆሞ «ካርዷን ወዲህ በሉልኝ» የሚል አባት አለ። ልጁ ያን ቀን የምታሳየው ነገር አላት፤ ድራማው ላይ ዛፍ ሆናለች፣ ዛፍ ደግሞ ተመልካች ይፈልጋል። ካርዱን መኪና ውስጥ ከፍቶ፣ ደረጃውን አይቶ፣ መንገድ ላይ መቆጣት የሚጀምረውን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ለትምህርት ቤቱ ወገን የምለው ደግሞ አለ። ክፍያ ያላጠናቀቀ ልጅ ካርዱ ቢሮ ይያዛል፤ ብዙ የግል ትምህርት ቤት የሚያደርገው ነው፣ እኛም እናደርገው ነበር። ስም ሲጠራ ስሙ የማይጠራ ልጅ ወንበሩ ላይ ምን እንደሚሆን ያየሁት ከፊት ቆሜ ነው። ለሲስተሮቹ ነገርኳቸው። «ደመወዝህስ ከየት ይከፈል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ቅሬታዬ ግን አልጠፋም።

ድንኳኑን ሳልጠቅስ ብቀር ይቆጨኛል። በሰኔ 30 ዝናብ ስድስት መቶ ሰው የሚያስጠልለው ከሰፈሩ እድር የምንዋሰው ድንኳን ነው፤ ወንበሮቹም ጀርባቸው ላይ የእድሩ ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፎባቸዋል። በለቅሶ የምናውቀው ድንኳን ሥር ፊኛ ተሰቅሎ ሕፃናት ሲጨፍሩ መጀመሪያ ይከብዳል፤ ከዚያ ይለመዳል። የእድሩ ንብረት ክፍል ኃላፊ በማግስቱ ሐምሌ 1 ጠዋት ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ እቆጥራለሁ፣ እሳቸው ምልክት ያደርጋሉ። ባለፈው የቆጠርኩ ጊዜ ከ240ው ሁለት ወንበር ጎደለ። ግቢውን ዞርን፣ የመማሪያ ክፍሎቹን አየን። አንዱ ከኬጂው ዥዋዥዌ ሥር ተገልብጦ ተገኘ። ሁለተኛው ከመጸዳጃ ቤቱ በስተጀርባ፣ «ሰኔ 30 እንገናኝ» የተባባሉት የስድስተኛ ክፍል ልጆች በተገናኙበት ቦታ፣ ከነጭቃው ቆሞ ነበር፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ጥሉን ሲመለከት ነበር ማለት ነው። ኃላፊው በመሐረባቸው ጠረጉት፣ ቁጥሩን አነበቡ፣ ምልክት አደረጉ። ከዚያ የተረፈ ዳቦ ካለ ጠየቁኝ።