አምሳለ ጎራዴ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ቻናል የአንድ ጎራዴ ፎቶግራፍ ብለጥፍ «የአያትህ ነውን? ከየት አገኘኸው?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙዎች ስለ ሆናችሁ፣ ለእያንዳንዳችሁ በአጭሩ ከምመልስ ይልቅ ነገሩን ከጥንተ ምክንያቱ ጀምሬ በሰፊው ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ጎራዴው የአያቴ አይደለም፤ ጥንታዊም አይደለም። በፊልምና በመድረክ አርበኞች ሲታጠቁት የምናየውን አስመስሎ የተሠራ፣ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ የመጣ፣ ስለቱ የአሉሚኒየም ዝርግ፣ እጀታው ጥቁር ፕላስቲክ፣ አፎቱም ቆዳ የሚመስል ላስቲክ የነበረ ቅጂ ነው፤ እኔም እዚህ ማጀቴ ከተማ በቤቴ በረንዳ ላይ፣ ሦስት ወር ሙሉ ከእንጀራ ሥራዬ የተረፈችኝን ሰዓት ሁሉ እየሰጠሁት፣ አሁን ያያችሁትን መልክ አስያዝሁት።

ነገሩ የተጀመረው በዓድዋ በዓል ነው። የ1888 ዓ.ም. ድል በሚታሰብበት በየካቲት 23 ቀን የትምህርት ቤታችን የሚኒ ሚዲያ ልጆች ጭውውት ያሳያሉና፣ የአርበኛውን ቦታ የያዘው ተማሪ ይህን ቅጂ ታጥቆ ወጣ። የቆላችንን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ልጁ ጎራዴውን መዝዞ እየፎከረ በመዳፉ ስለቱን ቢያብሰው፣ እንደ ቴምብር የተለጠፈው የአንበሳ ሥዕልና ጽሕፈት ሙጫው በሙቀት ለዝቦ ኖሮ ተገፈፈና በእጁ ላይ ቀረ። ተመልካቹ ሳቀ፤ የልጁ ዓይን ግን እንባ አቀረረ። በዚያው ማታ ጎራዴውን ወደ ቤቴ ወስጄ በመብራት ሥር ብመረምረው፣ የተገፈፈው ጽሕፈት ራሱ ግድፈት ነበረበት፤ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» መሆን ሲገባው «እ» ተውጣ «ዘምነገደ» ይል ነበር። አንዲት ፊደል ናት፤ ነገር ግን ይህን ያህል ቸል የተባለ ነገር ለልጅ አስታጥቀን ስለ አባቶቹ ተጋድሎ ተናገር ማለታችን አሳፈረኝ።

ቅጂ የሚለውን ቃል እንደ ነውር የሚቈጥሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። የአገራችን መጻሕፍት ማተሚያ ቤት ከመምጣቱ አስቀድሞ በቁም ጸሐፊዎች እጅ፣ ከአብነት ወደ ብራና እየተገለበጡ እስከ እኛ ዘመን የደረሱ ናቸው፤ ጸሐፊውም የአብነቱን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ካሰፈረ በኋላ፣ በገጹ ራስጌ ሐረግ በሚስልበት ጊዜ የራሱን እጅና የራሱን ልብ ይገልጥ ነበር። ቃሉ የአብነቱ ነው፤ ሐረጉ የጸሐፊው ነው። በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና የቆመው ሴባስቶፖልም ቅጂ ነው፤ ዋናው መድፍ በመቅደላ አምባ ላይ ነው፤ ሆኖም በቅጂው ፊት ቆሞ አፄ ቴዎድሮስን ያላሰበ መንገደኛ ጥቂት ይመስለኛል። ስለዚህ በእኔም ጎራዴ ላይ የወሰንሁት ይኸው የቁም ጸሐፊዎቹ ሥርዐት እንዲጸና ነው፤ የጐደለውን ከአብነቱ አይቶ ማቅናት፣ ካቀኑም በኋላ አንዲት ሐረግ ማከል።

አብነቱ ምን ይመስል ነበር? በምኒልክና ከዚያም በኋላ በነበረው ዘመን መኳንንቱ ይታጠቋቸው ከነበሩት ጎራዴዎች የብዙዎቹ ስለት ከአውሮጳ፣ ይልቁንም ከጀርመኗ የሰይፍ ከተማ ከዞሊንገን የመጣ ነበር፤ በላዩም አንበሳውና ያ የግእዝ ቃል ተቀርጾበት ነበር። እጀታው ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራል፤ አፎቱም ቆዳ፣ ብዙ ጊዜም ቀይ ቆዳ ነው። እንደ ማጭድ ከቀለሰው ከሾተል ጋር ማምታታት አይገባም፤ ጎራዴ ቅልሰቱ ጥቂት ነው። ደግሞም ልብ በሉ፤ ወደ አገራችን የመጡ መንገደኞች እንደ ጻፉት የአበሻ ተዋጊ ሰይፉን የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነበር። የእኔ ቅጂ ግን ማንጠልጠያው የውጭ አገር ፊልም አርአያ ተደርጎ በግራ ጎን እንዲውል ሆኖ ተሰፍቶ ነበርና፣ ከሁሉ አስቀድሜ የፈታሁት ይህን ስፌት ነው።

ከዚያ ወደ ክብደቱ መጣሁ። በሸቀጥ ሱቅ ሚዛን ላይ ባስቀምጠው 310 ግራም ሆነ፤ እንዲህ የቀለለ ጎራዴ በተዋናይ እጅ ሲወዛወዝ ከሸምበቆ አይለይም፤ ክንዱም ውሸቱን ስለሚያውቀው ፊቱ ላይ ይነበባል። ደግሞ ክብደቱ ሁሉ ወደ ጫፉ ያደላ ነበር፤ በአንድ ጣት ላይ ሚዛን ጠብቆ የሚቆመው ከእጀታው 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ነበርና። ስለዚህ የፕላስቲኩን እጀታ ሰብሬ አወጣሁና፣ ወደ እጀታው የሚገባውን የስለቱን ጭራ ከ12 ቁጥር ፌሮ ከተቈረጠች አንዲት ስንዝር የማትሞላ ብረት ጋር በሽቦ ጠፈርሁት። አዲሱን እጀታ የሠራሁት ከበሬ ቀንድ ነው። ቀንዱን ከሥጋ ቤት በነጻ ሰጡኝ፤ ድፍን የሆነውን የጫፉን ወገን በመጋዝ ቈርጬ፣ በመሰርሰሪያ ሰርስሬ፣ በሞረድ ቅርጽ አስያዝሁት። ቀንድ ሲሞረድ ግቢው ሁሉ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ ቀንድና ጥፍር ጠጉርም የአንድ ባሕርይ ልጆች ናቸውና። በመጨረሻ በእርጥብ ጨርቅ ላይ የተነፋ አመድ አድርጌ ብወለውለው፣ ከጥቁሩ መካከል ማር የመሰለ ሥር ወጣ፤ ይህን በፕላስቲክ ላይ በምንም ቀለም ልታገኙት አትችሉም። ሁሉን በኢፖክሲ አጣብቄ ከነሐስ መከላከያ ጋር ባስረው ሚዛኑ 500 ግራም ሆነ፤ የሚዛን ነጥቡም ወደ እጀታው ቀርቦ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ወደቀ። በኢፖክሲ ለምትሠሩ የቆላ ወንድሞቼና እኅቶቼ ግን አንድ ነገር ላሳስባችሁ፤ በእኛ የቀትር ሙቀት በደጋው ከሚደርቅበት በእጅጉ ፈጥኖ ይደርቃልና፣ በማለዳ ወይም ከፀሐይ ግባት በኋላ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ በጥብጡ።

እንዲህ ባለ ተራ ዕቃ መሥራት የድኻ አገር ብልኀት ብቻ መስሎ የሚታያችሁ ካላችሁ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው ስታር ዋርስ የተባለው ፊልም ሲሠራ የሆነውን አስቡ። ሮጀር ክርስቲያን የተባለው የዕቃዎቹ አዘጋጅ የወጣቱን ጀግና የብርሃን ሰይፍ እጀታ ያዘጋጀው ግራፍሌክስ ከሚባል አሮጌ የፎቶግራፍ ካሜራ የፍላሽ መያዣ ላይ ጥቂት ላስቲክ በመለጠፍ ነው፤ ፊልሙም በኪነ ጥበብ ዝግጅት የኦስካር ሽልማት ባገኘ ጊዜ እርሱ ከተሸላሚዎቹ አንዱ ነበር። ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ በሚባለው ፊልም ላይ ያየነው የሰንሰለት ጥሩርም አብዛኛው ከፕላስቲክ ቱቦ በተቈረጡ ቀለበቶች አንድ በአንድ በእጅ የተያያዘ ነው። ያ ቱቦ ውኃ የሚያመላልሰው የእኛው ቱቦ ዐይነት ነው። ዛሬ የእነዚያን ፊልሞች ዕቃ ቅጂ ገዝተው በየቤታቸው የሚያሻሽሉ ሰዎች በዓለም ሁሉ አሉ፤ እኔም የእነርሱን ትጋት በዩቲዩብ እያየሁ ብዙ ተምሬአለሁ። የበሬ ቀንድ ለእጀታ ማዋልን ግን ከእነርሱ አልተማርሁም፤ ያን ያስተማረኝ የአባቴ የጠላ ዋንጫ ነው።

ስለቱ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። በ220፣ ቀጥሎ በ400፣ በመጨረሻም በ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ከእጀታው ወደ ጫፉ ብቻ፣ በአንድ አቅጣጫ እየሳብሁ ብፈገፍገው ያ ከንቱ ብልጭታ ጠፍቶ የረጋ ብረታማ መልክ ወጣ። ዳሩንም አድበልብዬ አደነዝሁት፤ ልጆች የሚይዙት ነውና ይህን አትዘንጉ። ከዚያም የግእዙን ቃል በእርሳስ ነድፌ በሾለ ሚስማር ፊደል በፊደል ጫርሁት፤ «እ»ን በስፍራዋ ባስገባሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ የሚያውቅ መጽሐፍ ገልብጦ ያቀና ሰው ብቻ ነው። በላዩ ጥቁር የዘይት ቀለም በአኳራጅ አቅጥኜ ቀባሁና ሳይደርቅ በጨርቅ ጠረግሁት፤ ቀለሙ ከገጹ ለቅቆ በጭረቱ ውስጥ ብቻ ሲቀር ፊደሉ ሁሉ ከመቶ ዓመት በፊት የተቀረጸ መሰለ።

አፎቱ ግን ትዕቢቴን ሰበረው። ከዋንዛ እንጨት ሁለት ቀጫጭን ገጽ አስጠርቤ፣ ቀይ የፍየል ቆዳ በውኃ አርሼ በላዩ ወጥሬ ሰፋሁና፣ ቶሎ እንዲደርቅ ብዬ በቀትር ፀሐይ ላይ አቆምሁት፤ ማታ ብመለስ እንደ ቋንጣ ደርቆ ስፌቱን በጥሶ አገኘሁት። የተበላሸውን ይዤ በቆዳ ሥራ ዕድሜያቸውን ወደ ፈጁ አንድ ሽማግሌ ሄድሁ። ገልብጠው አዩና «ልጄ፣ ቆዳ በጥላ ነው የሚደርቀው፤ ፀሐይ ያስቸኰለው ቆዳ መልሶ አይታዘዝህም» አሉኝ። ከዚያም በወስፌ እንዴት እንደሚበሳ፣ ክሩም ሰም ጠግቦ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ለጋ ቅቤም በስንት ቀን እንደሚቀባ ከጠዋት እስከ ቀትር ሲያሳዩኝ ዋሉ፤ ዋጋ ብሰጣቸው «ለልጆቹ በዓል ከሆነስ አልቀበልም» አሉኝ። እኒህን የመሰሉ ባለ እጆች በዚህች አገር ስንት ዘመን ፋቂ፣ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እየተባሉ ሲሰደቡ ኖሩ! አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብን ሰው የሚከለክል ዐዋጅ ካስነገሩ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ስድቡ ከአንዳንድ አፍ ገና አልጠፋም፤ ይህም ልቤን ያሳዝነዋል። በፊልም ላይ የጀግናውን ሰይፍ ስናይ የምናደንቀው እኮ የእነዚህን እጅ ሥራ ነው።

እርጅናን ስለ ማስመሰልም አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ አፎቱን አሮጌ ለማስመሰል ሁሉንም በእኩል በአሸዋ ወረቀት ፍቄው ነበርና የታመመ እንጂ ያረጀ አልመሰለም። እሑድ ዕለት አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው በሚገናኝበት በሰንበቴ ገበያ አንድ የአፋር ሽማግሌ ጊሌ የሚባለውን ጩቤአቸውን ታጥቀው ጨው ሲመርጡ ቆሜ አየሁ። የጊሌው አፎት ከላይ፣ አውራ ጣት ተጭኖ ከሚመዝዝበት ላይ ጠቁሮ እንደ መስተዋት አብርቶአል፤ ከቀበቶው ጋር የሚፋተገው ጎን ቀለሙ ለቆአል፤ ከቀበቶው ሥር የተሸሸገው ግን ገና አዲስ ቆዳ መስሎ ነበር። ዕቃ እጅ በነካው ስፍራ ብቻ ያረጃል። እኔም ወደ ቤቴ ተመልሼ ጎራዴውን ቀኑን ሙሉ መዝዤ ብመልስ እጄ የሚያርፍበትን ስፍራ በጠመኔ ምልክት እያደረግሁ፣ በዚያ ላይ ብቻ ቅቤና ጥላሸት አሸሁበት።

ሐረጓን በቀንዱ እጀታ ግርጌ፣ የጣት ስፋት በማትሞላ ስፍራ ላይ ቀረጽኋት። በአፎቱ እንጨት ውስጠኛ ገጽም፣ ቆዳው ከመሸፈኑ በፊት፣ የቁም ጸሐፊዎችን ልማድ ተከትዬ «ይህ አምሳል ነው፤ በማጀቴ ተሠራ» ብዬ ዓመተ ምሕረቱን ጻፍሁ፤ አንድ ቀን ማንም አታላይ ቅርስ ነው ብሎ እንዳይሸጠው።

ፎቶግራፉን ካያችሁት መካከል አንዲት የሰፈራችን እናት አባታቸው በ1928 ዓ.ም. ወደ ማይጨው የዘመቱበትን እውነተኛውን ጎራዴ በነጠላ ጠቅልለው አመጡና «ልጄ፣ የኔንም እንዲህ አድርገህ አብራልኝ» አሉኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። «እማማ፣ ይህን አልነካም» አልኋቸው፤ በቅጂው ላይ የፈቀድሁት ሁሉ፣ ብርጭቆ ወረቀቱም ሞረዱም፣ በዚህ ላይ ወንጀል ነውና። በጎራዴው ላይ ያለው ጥቁረት የአባታቸው ላብ ያረፈበት ነው፤ አንድ ጊዜ ከተፋቀ የሚመልሰው ጠቢብ የለም። በደረቅ ጥጥ ጠርገው፣ እጅግ ስስ ዘይት ቀብተው፣ እርጥበት ከሚይዘው ከቆዳው አፎት ለይተው በደረቅ ስፍራ እንዲያኖሩት፣ ለማንም ነጋዴ እንዳይሰጡትም ለመንኋቸው። ጥቂት ቅር ብሏቸው ነበር። ኋላ ግን የእኔን ቅጂ አንሥተው መዘዙና፣ መዝነው፣ «እንግዲያስ የዚህን አምሳል ሥራልኝ፤ የልጅ ልጆቼ በእሱ ይጫወቱ፣ የአባቴ ይረፍ» አሉኝ።

የሲሚንቶ ወረቀት ገልብጬ በረንዳው ላይ ዘረጋሁ፤ እርሳቸው እጀታውን ይዘው፣ እኔ ስለቱን ሳልነካ ዙሪያውን በእርሳስ ነደፍሁት። የመጪው ሳምንት ሥራዬ ይህ ነው፤ ለቀንዱ ዛሬ ወደ ሥጋ ቤት ልኬአለሁ።