የመጨረሻዎቹ 10 ነጥቦች

ሁለት ተወዳዳሪዎች 14 ዙር ተጫውተው በመካከላቸው የ2 ነጥብ ልዩነት ብቻ ቀርቶ እንደሆነ፣ ተመልካች ነገሩን የአጋጣሚ ሥራ አድርጎ ያየዋል። ሁለት እኩያዎች ተገናኙ፣ ዕድል አቀራረበቻቸው፣ አሁን ደግሞ ያው ዕድል ትለያያቸዋለች ይላል። በብሪታንያው ቻናል 4 የሚተላለፈውን «ካውንትዳውን» የተባለ የቃላትና የቁጥር ውድድር ደንብ በሚገባ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ጨዋታው እንዲህ የሚቀራረበው ደንቡ ስለሚያቀራርበው ነው። በተቀራረበ ጨዋታ አሸናፊውን የሚለየው ደግሞ ብዙ ቃል ማወቁ ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀውን ነገር ምን ያህል እንደሚያውቀው ማወቁ ነው። ይህ ችሎታ ከትምህርት ቤት ፈተና እስከ ሐኪም ምርመራ ድረስ የሚያስፈልግ ሆኖ ሳለ፣ በአደባባይ ሲመዘን የምናየው እምብዛም ነው።

ውድድሩ መነሻው ፈረንሳይ ነው። አርማን ዣሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ረጅሙን ቃል የመፈለግ ጨዋታ ለፈረንሳይ ቴሌቪዥን ፈጠረ፤ በ1972 ቁጥር ተጨመረበትና አሁን የሚታወቅበትን መልክ ያዘ። ዮርክሻየር ቴሌቪዥን ሐሳቡን ወደ እንግሊዝ አመጣው፤ ቻናል 4 በ1982 ሥርጭቱን ሲጀምር የመጀመሪያው ዝግጅት «ካውንትዳውን» ሆነ። ሪቻርድ ዋይትሊ ከዚያን ቀን አንሥቶ በ2005 እስኪሞት ድረስ መራው። ቁጥሩን ካሮል ቮርደርማን እስከ 2008፣ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ራቸል ራይሊ ይዛዋለች። መዝገበ ቃላቱ ዘንድ ተቀምጣ የቃሉን ትክክለኛነት የምትፈርደው ሱዚ ዴንት ከ1992 ጀምሮ አለች።

አሁን ጨዋታው 15 ዙር አለው፤ 10 የፊደል፣ 4 የቁጥር፣ መጨረሻ ላይ አንድ እንቆቅልሽ። በፊደል ዙር ተራው የደረሰው ተወዳዳሪ ከሁለት የተደፉ ክምሮች «አናባቢ» ወይም «ተነባቢ» እያለ 9 ፊደል ያስወጣል። ቢያንስ 3 አናባቢና 4 ተነባቢ መኖር አለበት፤ ከዚያ ወዲያ መጠኑ የእርሱ ምርጫ ነው። (በእኛ ሆሄ ተነባቢውና አናባቢው በአንድ ምልክት ስለሚዋሐዱ ይህ ምርጫ አይኖርም፤ በላቲን ፊደል ግን የዙሩ ግማሽ ብልሃት እዚህ ላይ ነው።) ሰዓቱ 30 ሰከንድ ይቆጥራል። ሁለቱም ከእነዚያው ፊደላት የቻሉትን ረጅም ቃል ይጽፋሉ፤ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ነጥብ ነው፣ ዘጠኙንም የተጠቀመ ግን 18 ያገኛል። ነጥቡ የሚሰጠው ረጅሙን ላመጣው ብቻ ሲሆን፣ ርዝመታቸው እኩል ከሆነ ሁለቱም ይወስዳሉ። የተጸውዖ ስምና በሰረዝ የተያያዘ ቃል አይቆጠርም።

የመቀራረቡ ምሥጢር እዚህ ይጀምራል። ጥያቄው ለሁለቱም አንድ ነው፣ ሰዓቱም አንድ ነው። በብዙ የጥያቄና መልስ ውድድሮች ለአንዱ ቀላል ጥያቄ ለሌላው ከባድ ይደርሰዋል፤ የተሸነፈውም ዕጣውን ይወቅሳል። እዚህ ፊደላቱ ክፉ ከሆኑ ለሁለቱም ክፉ ናቸው። ሁለቱም ሰባት ፊደል ሲያገኙ ሁለቱም ሰባት ነጥብ ይዘው ያልፋሉ፣ ልዩነቱም አይነቃነቅም። ልዩነት የሚፈጠረው አንደኛው ያላየውን ሌላው ሲያይ፣ ወይም አንደኛው ያለ ቦታው ሲደፍር ብቻ ነው።

ድፍረት ያልኩትን በቁጥር ላስረዳ። አንድ ተወዳዳሪ እርግጠኛ የሆነበት ባለ ሰባት ፊደል ቃል አለው፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ መኖሩን የሚጠራጠረው ባለ ስምንት ፊደልም አለው። ተቃዋሚው «ሰባት» ብሎ አስታውቋል። እርሱም ሰባት ካለ ሁለቱም ሰባት ይወስዳሉ፣ ልዩነቱ ባለበት ይቀራል። ስምንት ብሎ ቃሉ ከተገኘ የ8 ነጥብ ብልጫ ያገኛል፤ ካልተገኘ ግን ዜሮ ይሆንና ተቃዋሚው 7 ይወስዳል። ስለዚህ መድፈሩ የሚያዋጣው ቃሉ ትክክል የመሆኑ ዕድል ከ15 ሰባት፣ ማለትም ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ካለው ልክ በላይ ሲሆን ነው። ችግሩ ይህን ዕድል የሚነግረው ማንም አለመኖሩ ነው፤ ከገዛ ትዝታው ጋር ተነጋግሮ መገመት አለበት። ቃሉን አንብቤዋለሁ ወይስ ያለ ይመስለኛል? ጥሩ ተጫዋች የሚባለው ይህን ግምት አዘውትሮ የሚመታው ነው።

የቁጥር ዙርም ሌላ ሜዳ ላይ ያንኑ ይለካል። 24 የቁጥር ሰሌዳዎች አሉ። ሃያዎቹ ትንንሾች፣ ከ1 እስከ 10 እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ፣ አራቱ ትልልቆች፣ 25፣ 50፣ 75 እና 100። ተራው የደረሰው ስድስት ሰሌዳ ይመርጣል፤ ስንት ትልቅ ስንት ትንሽ እንደሚሻ ይናገራል እንጂ የትኛው እንደሚወጣለት አያውቅም። ከዚያ መሣሪያው ባለ ሦስት አኃዝ ዒላማ ያወጣል። በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛትና በማካፈል፣ እያንዳንዱን ቁጥር ከአንድ ጊዜ በላይ ሳይጠቀሙ ዒላማው ላይ መድረስ ነው። ልክ የደረሰ 10፣ እስከ 5 ድረስ የራቀ 7፣ ከ6 እስከ 10 የራቀ 5 ያገኛል፤ እዚህም ነጥቡን የሚወስደው ቀራቢው ብቻ ነው።

በ1997 በአንድ ጨዋታ 25፣ 50፣ 75፣ 100፣ 3 እና 6 ወጡ፤ ዒላማው 952 ሆነ። ተወዳዳሪው 100ን ከ6 ደምሮ 106 አደረገ፣ በ3 አባዝቶ 318፣ በ75 አባዝቶ 23,850፣ 50 ቀንሶ 23,800፣ በ25 አካፍሎ 952። ያዩት ሁሉ ተደነቁ፤ ለመደነቅም የሚገባ ነው። ነገር ግን ግዙፉን ቁጥር ሳይፈሩ ካዩት ከሥሩ ቀላል መንገድ አለ። 75 ለ25 ሲካፈል 3፣ 50 ለ25 ሲካፈል 2 ነው። 106ን በ3፣ እንደገና በ3 ቢያባዙት 954፣ 2 ሲቀነስ 952። ችግሩ በዚህ መንገድ 25 ሁለት ጊዜ ያስፈልጋል፣ ያለው ደግሞ አንድ ነው። ማካፈሉን ወደ መጨረሻ ያዘገየ ግን በአንዱ 25 ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያካፍላል። ይህ የቁጥር ትዝታ ሳይሆን የቁጥርን ጠባይ ማወቅ ነው፤ 30 ሰከንድ ውስጥ በዚህ መንገድ የሚያምን ሰው ምን ያህል እርግጠኛ መሆን እንዳለበት ማሰብ ይበቃል።

አሁን የተቀራረበውን ጨዋታ በምሳሌ እንየው። ከእንቆቅልሹ በፊት ያለው የመጨረሻ የቁጥር ዙር ደርሷል፤ አንደኛዋ 84፣ ሁለተኛው 72 ነጥብ አላቸው፣ ምርጫውም የሁለተኛው ነው እንበል። አንድ ትልቅና አምስት ትንንሽ ቢመርጥ ዒላማው ለሁለቱም የሚደረስ የመሆኑ ዕድል የሰፋ ነው። ሁለቱም 10 ቢያገኙ 94 ለ82 ይሆናል፤ እንቆቅልሹ የሚያስገኘው 10 ብቻ ስለሆነ ጨዋታው እዚያው አለቀ። ስለዚህ ቀላሉን መንገድ መምረጥ ለእርሱ በፈቃድ መሸነፍ ነው። አራቱንም ትልልቅ ይጠራል፤ ዙሩ ለሁለቱም ይከብዳል፣ ሁለቱን የመለያየቱ ዕድልም ይሰፋል። እርሱ ልክ ዒላማው ላይ ደረሰ፣ እርሷ በ3 ራቀች። ብቻዋን ብትሆን 7 ነጥብ ያስገኝላት የነበረው ሥራ ቀራቢው ሌላ በመሆኑ ዜሮ ሆነ። 84 ለ82። በአንድ ምርጫ የሞተው ጨዋታ ተነሣ። መሪዋ እርሷ ስለነበረች ምርጫው የእርሷ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ቀላሉን በመጥራት በሩን ትዘጋው ነበር።

ከዚያ እንቆቅልሹ ይመጣል። ዘጠኝ ፊደላት ተዘበራርቀው ይታያሉ፣ ከእነርሱም አንድ ባለ ዘጠኝ ፊደል ቃል ማውጣት ነው። ቀድሞ ደወሉን የተጫነ ይናገራል፤ ልክ ከሆነ 10 ነጥብ ይወስዳል። እያንዳንዱ አንድ ዕድል ብቻ አለው። ውድድሩ ከዚህ በፊት በትክክል የ10 ነጥብ ልዩነት ላይ ከነበረና የተመራው ካሸነፈ ነጥቡ እኩል ይሆንና አሸናፊ እስኪለይ ድረስ ሌላ እንቆቅልሽ ይቀርባል።

ብርቱው ተቃውሞ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አሥራ አራት ዙር በዕርጋታ የተለፋበትን ድካም የአንድ ሰከንድ ጣት ሊሽረው ይገባል ወይ? ተቃውሞው ከፊሉ እውነት አለው፤ እንቆቅልሹ ፍጥነትን ይጠይቃል፣ የቀደሙት ዙሮች ግን ለቸኮለ ምንም አልጨመሩም። ሆኖም የእንቆቅልሹ ዋጋ ከአንድ የቁጥር ዙር አይበልጥም፣ ዘጠኝ ፊደል ካለው ቃል ደግሞ በጣም ያንሳል። ከ10 ነጥብ በላይ የሚመራን ሰው ሊነካው አይችልም። የሚፈርደው የቀደሙት ዙሮች ሳይፈርዱ በተዉት ላይ ብቻ ነው። ጣት ብቻ ነው የሚለውም አይሆንም፤ ደወሉን ተጭኖ የተሳሳተ ዕድሉን ያጣል፣ ተቃዋሚውም የቀረውን ሰከንድ ሁሉ ብቻውን ይይዛል። በፊደል ዙር የነበረው ጥያቄ፣ እርግጠኛ ነኝ ወይስ ይመስለኛል የሚለው፣ እዚህ በከፋ ጥድፊያ ተመልሶ መጣ።

ሌላው ተቃውሞ ኮምፒውተር ያነሣል። ማንኛውም ስልክ ረጅሙን ቃልም ዒላማውንም በቅጽበት ያወጣል፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ምን ይረባል? መልሱ አጭር ነው። ማሽኑ የሚያወጣው ውጤቱን ነው፤ ውድድሩ የሚለካው ግን ጎደሎ ዕውቀት ይዞ መወሰንን ነው፣ ሁሉን የሚያውቅ ደግሞ የሚወስነው የለውም። ከዚህ የሚጠነክረው ምርጥ ተወዳዳሪዎች የቃላት ዝርዝር ሸምድደው ይመጣሉ የሚለው ነው። ይሸመድዳሉ፣ እውነት ነው። በ2002 ጁሊያን ፌል በአንድ ጨዋታ 146 ነጥብ አስቆጥሮ የዚያን ጊዜውን ክብረ ወሰን ሲይዝ ከኋላው ብዙ ዝግጅት እንደነበረ አያጠራጥርም። ነገር ግን ሽምደዳ ሁለት በእኩል የተዘጋጁ ሰዎች ሲገናኙ ጠቀሜታው ለሁለቱም ይሆናል፤ ያኔ የሚቀረው ዳኝነት ብቻ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የገንዘብ ሽልማት አለመኖሩ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጨዋታ ያሸነፈ የውድድሩ ምልክት ያለበት የሻይ ጀበና ይቀበላል፤ የአንድ ተከታታይ ውድድር ሻምፒዮን ደግሞ ቀደም ሲል 20 ቅጽ ያለውን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ይቀበል ነበር። ገንዘብ ቢኖር የተቀራረበው ጨዋታ ውጥረት ስለ ገንዘቡ ይሆን ነበር፤ ተመልካቹም ከፊደላቱ ይልቅ የተወዳዳሪውን ፊት ይመለከት ነበር።

ልዩነቱ ከ10 በልጦ አሸናፊው ሲታወቅ እንኳ እንቆቅልሹ ይቀርባል። ያለቀ ነገር ለምን ይጠየቃል ለሚል፣ ምክንያቱ ከዕለቱ ጨዋታ ውጪ ነው። ያሸነፈ በማግሥቱ ይመለሳል፤ ስምንት ጊዜ ያሸነፈም ሳይሸነፍ ይሰናበትና የፍጻሜውን ጊዜ ይጠብቃል። ለፍጻሜው የሚመረጡት ስምንቱ ምርጦች የሚመደቡት ባሸነፉት ጨዋታና ባስቆጠሩት ድምር ነጥብ ነው፤ አንደኛው ከስምንተኛው፣ ሁለተኛው ከሰባተኛው ጋር ይገናኛል። ባለቀ ጨዋታ መጨረሻ የተገኘ 10 ነጥብ አንድን ሰው በሩብ ፍጻሜው ከማን ጋር እንደሚያገናኘው ሊወስን ይችላል።