መስከረም ሲያልፍ የማይጠፋ ቢጫ

በአምቦና በዙሪያዋ ቢጫ አበባ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው አደይ ነው፤ ኦሮምኛው ኬሎ ይለዋል። ይሁንና አብዛኛው የአደይ ዓይነት በክረምት በቅሎ፣ በመስከረም አብቦ፣ ዘሩን በትኖ በዚያው ዓመት ይሞታል። ቢጫው ከዓመት ዓመት ከግቢው እንዳይጠፋ የሚሻ ሰው ሥሩ አፈር ውስጥ ከርሞ መልሶ የሚያቆጠቁጥ፣ ግንዱም እንደ ቁጥቋጦ የማይጠነክር ተክል መምረጥ ይኖርበታል።

ከአገሬው ዕፅዋት ቅድሚያ የሚገባው አሸንዳ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ የሚባለው ይህ ተክል በዱር የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ከረጃጅም ቅጠሎቹ መካከል ወፍራም ዘንግ ያወጣል፤ ዘንጉን የከበቡት ቀጫጭን አበቦች የአበባ ማር የሚቀስሙ ወፎችን ይስባሉ። ከብት ስለማይደፍረው አጥር በሌለው ግቢም ይተርፋል። ወደ ቀይ የሚያደላም ስላለ፣ ቢጫ ፈላጊ ተክሉን ሲያብብ አይቶ ምልክት ቢያደርግበት ይሻላል። አሸንዳ የደጋ ተክል ነው። 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለችው አምቦና ከእርሷ ከፍ ለምትለው ሆለታ ይስማማል፤ ቆላ ለሚቀርባት ባኮ ግን አይመከርም።

ሌላው የአገር ተክል የኑግ የዱር ዘመድ የሆነው፣ ጊዞቲያ ስካብራ የተባለው የመጭ ዓይነት ነው። ንብ ይወደዋል። ገበሬው መጭን በአረምነት ስለሚያውቀው ግን ከእርሻ ርቆ፣ ዘሩን ሳይበትን እየተቆረጠ መያዝ አለበት።

ከውጭ ከመጡት ቢጫ ካና ለጀማሪ ይመቻል። ውርጭ ቅጠሉን ቢያቃጥለውም ሥሩ በበልግ ወይም በክረምት መልሶ ያቆጠቁጣል። ዴይ ሊሊ የሚባለው የምሥራቅ እስያ ተክል እያንዳንዱ አበባው ለአንድ ቀን ብቻ ቢፈካም፣ በአንድ ዘንግ ላይ ብዙ እምቡጥ ስለሚይዝ ለሳምንታት ያብባል። የደቡብ አፍሪካው ጋዛኒያ በበኩሉ ፀሐይ ሲያይ ይከፈታል፣ ሲደምን ይዘጋል፤ የበጋውን ድርቅ ይችላል፣ የተኛ ውኃ ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል።

አበባ በቀለሙ ብቻ ሲመረጥ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በአፈር ምክንያት ነው። እንደ ጊንጪ ባለ መረሬ አፈር ክረምት ውኃ ይተኛል፣ በጋ መሬቱ ይሰነጠቃል። እዚያ ከፍ ያለ መደብና ውኃ ማውጫ ቦይ ሳይዘጋጅ አሸንዳም ሆነ ጋዛኒያ መትከል ድካሙን ማባከን ነው፤ ካና ግን እርጥቡን ይችለዋል። በሆለታ ቀይ አፈር ውኃው ስለሚሰርግ ምርጫው ይሰፋል።

መትከያው ጊዜ ዝናቡ የሚይዝበት ሰኔ ነው። ጉድጓዱ በበሰበሰ ፍግ ይዳብራል፤ ተክሉ እስኪጠና ድረስ በመጀመሪያው በጋ ውኃ ይጠጣል። አሸንዳን ከነሥሩ ከተራራ ነቅሎ ማምጣት የአገርን ሀብት ማመናመን ነው፤ ዘሩን ለቅሞ በመደብ ማፍላት ይበቃል። ካናና ዴይ ሊሊ በጥቂት ዓመታት ሲጠቀጠቁ አበባቸው ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሥራቸው ተከፍሎ ግማሹ እዚያው ይተከላል፣ የቀረው ለጎረቤት ይሰጣል።