ኮምፒዩተሩን ለለወጠ የቢሮ ሠራተኛ የሚበጁ ፕሮግራሞች

(በራዲዮ ከተሰጠ ሳምንታዊ ንግግር የተወሰደ)



በዛሬው ንግግራችን የምናብራራው ጉዳይ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። ይኸውም ከአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ወደ ሌላ ዓይነት የተሸጋገረ ሠራተኛ የአማርኛ ሥራው ሳይጓደልበት ለመቀጠል የትኞቹ ፕሮግራሞች ያስፈልጉታል የሚል ነው።

ጉዳዩን አሁን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የማይክሮሶፍት ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለተባለው ስርዓተ ክወና ይሰጠው የነበረው መደበኛ የጥበቃ ዕድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፥ አካሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በዕድሜው ብቻ ከደጅ የሚመለሰው ኮምፒዩተር ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ይዞ መቈየት የሚሻ ሰው ከሚመርጣቸው መንገዶች አንዱ ኡቡንቱ ነው። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ፥ ያለ ክፍያ የሚታደል ስርዓተ ክወና ሲሆን፥ መሠረቱ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ነው። ነገር ግን ቤት የለወጠ ሰው ዕቃው ሁሉ በአዲሱ ቤት በር እንደማይገባለት፥ በዊንዶውስ የለመድናቸው የአማርኛ መጻፊያዎችም ሁሉ በኡቡንቱ አይሠሩም። ስለዚህ አስቀድሞ የችግሩን ሥር ማወቅ ይገባል።

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቍጥር ብቻ ነው። የምንጽፈውን እያንዳንዱን ፊደል በቍጥር ይመዘግበዋል፤ ሲያሳየን ደግሞ ለዚያ ቍጥር የተመደበውን ቅርጽ ይሥልልናል። በቀድሞው አሠራር ለአንድ የፊደል ቅርጽ መዝገብ የነበረው ስፍራ 256 ብቻ ነበር፤ ከዚህም ውስጥ ከፊሉ ለሌላ አገልግሎት የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በሰባት ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ፥ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ስፍራው አይበቃም። ይህ ጥበት ከኮምፒዩተር በፊትም የነበረ ነው፤ እንደ ኢንጂነር አያና ብሩ ያሉ ሰዎች የደከሙበት የአማርኛ የጽሕፈት መኪናም ቍልፎቹ ጥቂት ስለ ነበሩ ብዙዎቹ ሆሄያት ምልክት እየተቀጠለላቸው ይገጣጠሙ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችም ፊደላችንን ለላቲን ሆሄያት በተመደቡ ቍጥሮች ላይ አስቀመጡት። እያንዳንዱ አዘጋጅ ድርጅትም በየራሱ አመዳደብ ሄደ።

ከዚህ የተነሣ የሚደርሰውን ጕዳት በምሳሌ እንመልከት። ደሴና ኮምቦልቻ በሐረጎ መንገድ የተያያዙ ጎረቤታሞች ናቸው። በኮምቦልቻ በቀድሞው የፊደል ቅርጽ የተጻፈ ደብዳቤ ወደ ደሴ ተልኮ፥ ያ የፊደል ቅርጽ በሌለበት ኮምፒዩተር ቢከፈት፥ ተቀባዩ የሚያየው ትርጕም የለሽ የላቲን ሆሄያት ጥርቅም ነው። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ቍጥሩም እንዳለ ነው፤ የቍጥሩ ፍች ግን ከላኪው ዘንድ ቀርቷል።

ይህን ውዥንብር ያስቀረው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም የግዕዝ ፊደል የራሱን ስፍራ አገኘ። በዚህ መዝገብ የ«ሀ» ቍጥር 4608 ነው፤ «ደሴ» ተብሎ ሲጻፍም 4848 እና 4660 ተብሎ ይመዘገባል፤ ይህም በዊንዶውስ ሆነ በኡቡንቱ፥ በማክ ሆነ በእጅ ስልክ አይለወጥም። እንግዲህ ለተሸጋጋሪው የመጀመሪያው ሕግ፥ የሚመርጠው ፕሮግራም ሁሉ በዩኒኮድ የሚሠራ ይሁን የሚል ነው።

አሁን ወደ ፕሮግራሞቹ እንለፍ።

አንደኛው መጻፊያው ነው። ኪማን የተባለው ፕሮግራም በዊንዶውስ፥ በማክ፥ በሊኑክስና በእጅ ስልኮች ላይ ያለ ክፍያ ይሠራል፤ የአማርኛ የፊደል ገበታም አለው። አጻጻፉ እንደ ድምፁ ስለሆነ ተነባቢውን ቀጥሎም አናባቢውን መንካት ይበቃል። ከሌሎቹ የሚያስመርጠው ዋናው ነገር ጣት የለመደው አጻጻፍ መሣሪያ በተለወጠ ቍጥር እንደ አዲስ የማይጠና መሆኑ ነው፤ በቢሮው ዊንዶውስ፥ በቤቱ ኡቡንቱ ያለው ሰው በሁለቱም አንድ ዓይነት እጅ ይጽፋል።

ሁለተኛው የፊደል ቅርጹ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የተለመደው ኒያላ የተባለው ቅርጽ ከኡቡንቱ ጋር አይመጣም። በምትኩ አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. እና ኖቶ ኢትዮፒክ የተባሉት ያለ ክፍያ ይገኛሉ። በኒያላ የተጻፈ የዩኒኮድ ደብዳቤ በእነዚህ ሲከፈት ንባቡ አይፋለስም፤ የመስመሩ ርዝመትና የገጹ አከፋፈል ግን ሊለወጥ ይችላልና ከማተም በፊት ማየት ያሻል።

ሦስተኛው የጽሕፈትና የሠንጠረዥ ፕሮግራም ነው። ሊብሬኦፊስ እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕን ኦፊስ ተከፍሎ የወጣ ሲሆን፥ ደብዳቤ ለመጻፍ፥ የደመወዝ ሠንጠረዥ ለማስላትና ለስብሰባ ማብራሪያ ለማዘጋጀት ያገለግላል። በማይክሮሶፍት ዎርድና ኤክሴል የተሠሩትን ይከፍታል፤ በእነርሱም ዓይነት ያስቀምጣል። ትእዛዞቹንም በአማርኛ ማሳየት ይችላል። ማክሮ የተባሉት የተደራረቡ ትእዛዞች ያሉበት የሒሳብ ፋይል ግን ሁልጊዜ እንዳለ ስለማይሠራ፥ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ አስቀድሞ ይፈትነው። በይነ መረብ ለመመልከት ፋየርፎክስ፥ ድምፅና ፊልም ለመክፈት ቪ.ኤል.ሲ. ይበቃሉ፤ ሁለቱም ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ስለሆኑ አናበዛባቸውም።

አራተኛውና ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የቀድሞው ጽሑፍ መለወጫ ነው። ብዙ ሰው ጽሑፉን መርጦ የፊደሉን ቅርጽ ስም ቢቀይር የተለወጠ ይመስለዋል። ይህ ልብስ መለወጥ እንጂ አካል መለወጥ አይደለም፤ ቍጥሩ የላቲን እንደ ሆነ ስለሚቀር ጽሑፉ ያንጊዜውኑ የላቲን ጥርቅም ይሆናል። ቍጥሩን ራሱን ከቀድሞው አመዳደብ ወደ ዩኒኮድ የሚያዛውር ለዚሁ የተዘጋጀ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ከተለወጠም በኋላ ስምን፥ የገንዘብ መጠንን፥ ቀንንና እንደ «ኳ» እና «ጓ» ያሉትን ሆሄያት ከዋናው ጋር አስተያይቶ ማንበብ ግዴታ ነው። በአንድ የይዞታ ማረጋገጫ ላይ አንዲት ሆሄ ብትሳሳት የባለመብቱ ስም ይለወጣልና። የቀድሞው ኮምፒዩተር ከመነቀሉ በፊትም እያንዳንዱን ሰነድ በዚያው ላይ ወደ ፒ.ዲ.ኤፍ. መለወጥ ይገባል፤ ፒ.ዲ.ኤፍ. የፊደሉን ቅርጽ አብሮ ስለሚይዝ የትም ቢከፈት ይነበባል፤ ለማስተያያም ያገለግላል።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በደሴና በኮምቦልቻ መሥሪያ ቤቶች ላይ ዝርፊያና ውድመት ደርሷል። ከዚህ ትምህርት የወሰደ ሰው የሰነዱን ቅጂ በሌላ ስፍራም ያኖራል። ነገር ግን የተረፈው ቅጂ የሚያነበው ፕሮግራም ከሌለ፥ የተረፈው ሰነዱ ሳይሆን ማኅደሩ ብቻ ነው። የጡረታ ማስረጃውን ሊጠይቅ ከሩቅ ወረዳ ለመጣ ባለጉዳይ፥ የጠፋ ፋይልና የማይነበብ ፋይል ልዩነት የላቸውም።

ስለ አፈጻጸሙ አንድ ቃል ጨምረን እናብቃ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ሁሉ፥ ችኮላ አያስፈልግም። ኡቡንቱ በፍላሽ ተጭኖ፥ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ሳይነካ ሊሞከር ይችላል። በመጀመሪያ ቅጂ ማስቀመጥ፤ ቀጥሎ በዚህ ዓይነት መሞከርና አታሚው መሣሪያ መታዘዙን ማየት፤ ከዚያ ሰነዶቹን ለውጦ ማረም፤ በመጨረሻም መሸጋገር ነው። በመሥሪያ ቤት ንብረት ላይ ሲሆን ደግሞ የኃላፊውና የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍሉ ፈቃድ ይቅደም።