የመንዝ ቤት፦ ግድግዳውም መብራት ነው

ቀትር ላይ ከመንዝ ሜዳ ወደ ቤት የገባ ሰው ለጥቂት ጊዜ ዕውር ነው። ውጭ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል፤ ደፉን ተሻግሮ ሲገባ ሁሉም ይጠቁርበታል። «ቤቶች!» ብሎ ተጣርቷል፤ «ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ!» የሚል መልስም ሰምቷል፤ የመለሰችለትን ሴት ፊት ግን አላየም። ቆይቶ መጀመሪያ የምድጃው ፍም ይታየዋል። ቀጥሎ መደቡ፣ ከመደቡ ወዲያ ጎታው ይወጣል። የሰዎቹ ፊት የሚለየው በመጨረሻ ነው። ከሁሉ በፊት የተሰማው ግን ሙቀቱ ነበር።

ጨለማው ለዚህ ሙቀት የተከፈለ ዋጋ ነው። በዚህ ደጋ መስኮት ማለት የብርድ መግቢያ ነው፤ ስለዚህ ብዙው አሮጌ ቤት መስኮት የለውም፤ ካለውም ድመት የምታሾልክ ያህል ናት።

የክፍልን ድባብ የሚሠሩት ሁለት ናቸው፦ መብራቱና ግድግዳው። ዛሬ ቤቱን ማሳመር የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው በመጀመሪያው ላይ ነው። አምፖል ይገዛል፣ ሶላር ይሰቅላል። መንዝ ግን ከምድጃና ከኩራዝ በቀር መብራት ባልነበረበት ዘመን ሁሉ ሥራውን ለግድግዳው ሲሰጥ ኖሯል።

ድንጋይና ጓሳ

መንዝ በአሮጌው አከፋፈል ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ ለሦስት ይከፈላል። በስተሰሜን ግሼ ይከተለዋል። በስተምዕራብ ቁልቁል የተወረደ እንደሆነ መርሐቤቴ ጀማና ወንጪት በተባሉት ወንዞች መካከል ይገኛል። ከፍ ባለው ደጋ ላይ ዛፍ ብርቅ ነው፤ ድንጋይ ግን ሞልቷል። ስለዚህ ሌላው አገር ቤቱን በእንጨት አቁሞ ጭቃ ሲመርግ መንዜ በድንጋይ ይክባል። ግድግዳው ክንድ ያህል ይወፍራል፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል።

ክዳኑ ጓሳ ነው። ይህ ጠንካራ ሣር የሚበቅለው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ በተዘረጋው የጓሳ ሜዳ ነው። አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች ተወላጆች ሜዳውን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ እስኪጎለምስ ለዓመታት ይከለከላል፤ ሲደርስ ተከፍቶ ይታጨዳል። ቄሮ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጠለ፤ ሜዳው ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

ከጓሳው በታች የሚነደው ኩበት ነው፤ እንጨት ብርቅ በሆነበት አገር ሌላ ምርጫ የለም። የኩበት ጭስ ዓመት ከዓመት እየወጣ ክዳኑን ጥቀርሻ ያለብሰዋል። ጥቀርሻው ሣሩን ነቀዝ እንዳይበላው ይረዳል፤ ብርሃኑን ግን ይበላዋል። እንግዲህ ከላይ ጥቁር ክዳን፣ ከታች የአፈር ወለል አለ። ብርሃን ሊመልስ የሚችል የቀረ ነገር ቢኖር ግድግዳው ብቻ ነው።

አንድ መብራት ስንት ይሆናል?

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ መብራት 100 እጅ ብርሃን ረጨ እንበል። ክፍሉ ዙሪያውን አዲስ ኖራ የተቀባ ያህል ነጭ ቢሆን ከመቶው 80 ያህሉን ይመልሳል። የተመለሰው ሌላውን ወገን መትቶ 64 ሆኖ ይመለሳል፤ እሱም 51 ይሆናል። እንዲህ እያለ ሲመላለስ ከመነሻው 100 ጋር ድምሩ ወደ 500 ይደርሳል። ክፍሉ ከመቶ 20 ብቻ የሚመልስ ጠቆር ያለ ጭቃ ከሆነ ግን 20፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 1 እያለ ይጠፋል፤ ድምሩ 125 ነው። ያው መብራት፣ ያው ላምባ፤ ልዩነቱ አራት እጥፍ።

ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ወለሉ ስለሚጠቁርና ዕቃው ብርሃን ስለሚወስድ ልዩነቱ ከዚህ ያንሳል። ጥቀርሻ የጠጣ ግድግዳ ደግሞ ከጭቃውም የከፋ ነው፤ ከተረጨበት የሚመልሰው እጅግ ጥቂት ነው። የሚገኘው ትርፍ ደግሞ በመጠን ብቻ የሚለካ አይደለም። ነጣ ያለ ግድግዳ ብርሃኑን ከየአቅጣጫው ስለሚልከው ጥላው ይለሰልሳል። የተቀመጠው ሰው ዓይኑ የጎደጎደ፣ ጉንጩ የገባ መስሎ አይታይም። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ፊት ደስ ብሎ ሲታይ ቤቱ ራሱ ደስ ይላል።

ከጉድጓድ እስከ መዳፍ

የድንጋዩን ግድግዳ ከውስጥ የሚያለብሰው የጭቃ ምርጊት ከጉድጓድ ይጀምራል። አፈሩ ከድንጋይና ከሥር ይለቀማል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ጭድ ይነሰነስበታል፣ በእግር ይረገጣል። ከዚያ ተሸፋፍኖ ይተዋል። ቀናት ሲያልፉ ይብላላል፣ ይሸታል፤ ጭዱ እየበሰበሰ ጭቃውን የሚያጣብቅ ልጋግ ያወጣል። የቸኮለ ሰው ምርጊት ሲደርቅ እንደ በጋ ኩሬ ይሰነጣጠቃል። ጭዱ የጤፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ጤፍ የማይደርስበት ከፍተኛው ደጋ በገብስ ጭድ ያብቃቃል።

የመጀመሪያው ድርብ በእጅ እየተመታ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ሁለተኛው በተነፋ አፈር ይሠራል። የመጨረሻው ልስን የሴቶች ጥበብ ነው፦ ትኩስ እበት ከአመድና ከደቃቅ አፈር ጋር ተለውሶ በመዳፍ ይለሰናል። መዳፉ ክንድ እስከደረሰበት ድረስ ቅስት እየሠራ ይሄዳል፤ ጣቶቹ ከኋላቸው ቀጫጭን መስመር ይተዋሉ። እበቱ ሲደርቅ ሽታው ይጠፋል፤ ግድግዳው አቧራ ማራገፉን ይተዋል። ነጭ አፈር በቅርብ የሚያገኝ ቤተሰብ ደግሞ በውሃ በጥብጦ ከላይ ይቀባዋል።

ይህ ልስን ዘላለም አይቆይም፤ እንዲቆይም አይጠበቅም። የክረምቱ ጭስና ርጥበት ያጠቆረው ግድግዳ ለዕንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል ወይም ለሰርግ እንደገና ይለሰናል። እንግዳ የሚመጣበት ቀን ሲቃረብ ቤት «ወዝ አወጣ» የሚባለው ሌላ ዕቃ ገብቶበት አይደለም፤ አዲሱ ልስን ያንኑ የምድጃ እሳት አስፍቶ ስለሚመልሰው ነው።

ነጩ ከሥር ነው

የመንዝ አናት ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ነጩ ያለው ከሥሩ ነው። የጀማ ሸለቆን ቁልቁል የወረደ ሰው ከጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በታች የኖራና የጀሶ ድንጋይ ንብርብር ያያል። የኖራ ድንጋይ በእሳት ተቃጥሎ ውሃ ሲጠጣ የምንቀባው ኖራ ይሆናል። ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ገና ውሃ መሳይ ነው፤ ሲደርቅና ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ተመልሶ ድንጋይ ሲሆን ይነጣል። ስለዚህ በስሱ ሦስት ጊዜ መቀባት አንዴ አወፍሮ ከመቀባት ይሻላል፤ ወፍራሙ እንደ ልጥ ይላጣል። እርጥብ ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚለበልብ ቀቢው እጁን መሸፈን፣ ዓይኑንም መጠበቅ አለበት።

ኖራ በጭቃ ለተመረገ ቤት የሚስማማው ስለሚተነፍስ ነው፤ ግድግዳው የያዘው ርጥበት አልፎት ይወጣል። ሲሚንቶ እንዲህ አይደለም። በጭቃ ምርጊት ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ ከሥሩ ካለው ለስላሳ ጭቃ ጋር አብሮ አይላወስም፤ ርጥበቱን ከኋላው ያግታል። ቆይቶ ከነቅርፊቱ ይወድቃል። ለቤቱ ክብር ተብሎ የወጣ ወጪ ቤቱን ሲጎዳ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

በከተሞቹ፣ በመንዙ መሃል ሜዳም ሆነ በመርሐቤቴው ዓለም ከተማ፣ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት የሌላውን ያገራችን ከተማ ልማድ ይከተላል፦ ከወለል እስከ ወገብ ዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ የውሃ ቀለም። ከታች ያለው በጨርቅ ይታጠባል፤ ልጆች ላሉበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ዘይት ቀለም ያብረቀርቃል፤ ራቁቱን የተንጠለጠለ አምፖል መልኩን እንደ መስታወት ያይበታል። ብርድ ባለበት ቤት ደግሞ የጀበናውና የድስቱ እንፋሎት ላብ ሆኖ ይወርድበታል። የማያብረቀርቀው የውሃ ቀለም ብርሃኑን ስለሚበትነው ለዓይን ይለዝባል። ከቆርቆሮው ሥር አቡጀዴ ወጥሮ ኖራ የሚቀባ ቤተሰብ ሁለት ነገር ያተርፋል፤ ብርዱ ይቀንስለታል፣ ጥቀርሻ የነጠቀው ጣሪያም ብርሃን መላሽ ይሆንለታል።

ከኩራዝ እስከ ሶላር

በዚህ የምድር ክፍል ሌሊቱ ክረምት ከበጋ ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ ነው። አብዛኛው የገጠር ቤት ለብዙ ዘመን ይህን ሌሊት ሲጋፈጥ የኖረው በኩራዝ ነው፦ ክዳኑ ተበስቶ ክር የገባበት ጠርሙስ ወይም ጣሳ፣ ውስጡ ላምባ። አሮጌው የ60 ዋት አምፖል 800 ሉመን ያህል ይሰጣል፤ ኩራዝ የሚሰጠው የዚያን ጥቂት በመቶ ነው። በዚያ ላይ ጭሱ ግድግዳውን ያጠቁራል፤ ማለትም ራሱ የሚያበራበትን መስታወት ራሱ ያቆሽሻል። ሶላር መብራት ሲመጣ የመጀመሪያው ትልቅ ለውጥ ይኸው ነበር፤ ብርሃኑ ጨመረ፣ የተለሰነው ግድግዳም ቶሎ መጥቆሩ ቀረ።

ቢሆንም አዲሱን መብራት ሰቅለው ቤታቸው መደብር የመሰላቸው ብዙዎች ናቸው። ምክንያቱ የብርሃኑ ቀለም ነው። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በአምፖሉ ካርቶን ላይ ተጽፎ ይገኛል። የኩራዝና የሻማ ነበልባል 1,900 አካባቢ ነው፤ አሮጌው አምፖል 2,700፤ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ ኤልኢዲ 6,500። ጭቃ ግድግዳ ቀዩንና ቢጫውን ይመልሳል፣ ሰማያዊውን ይውጣል። ስለዚህ 6,500 የሆነ አምፖል ቡናማ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ግማሽ ጉልበቱን ያጣ ይመስላል፤ ግድግዳውም አመድ ይለብሳል። 2,700 ወይም 3,000 የተጻፈበትን የገዛ ሰው ግን የምድጃውን ወርቅማ ቀለም ከጭሱ ለይቶ አገኘ ማለት ነው። ለእንቅልፍም ይሻላል፤ ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን አመሻሽ ላይ አንጎል «ገና ቀን ነው» ብሎ እንዲቆይ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ቦታው ነው። የምድጃ እሳት ዝቅ ያለ ነው፤ የሚያበራው የተቀመጠን ሰው ፊት፣ እጅና የቡና ስኒ ነው። ሰዉ ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባል፤ ተረቱም፣ ምክሩም፣ ሽምግልናውም የሚሰማው በዚያ ክበብ ውስጥ ነው። ከጣሪያው መሃል የተንጠለጠለ አንድ አምፖል ማእዘኑን ሁሉ እኩል ሲያበራ ሰውም በየማእዘኑ ይበተናል።

የቀን ብርሃንም ብልሃት አለው። ጠባቧን መስኮት ማስፋት ብርድ ያስገባል፤ ጎንና ጎኗን ወደ ውስጥ አስፍቶ ነጭ መቀባት ግን ብርድ አያስገባም። ክንድ በሚወፍር ግድግዳ ውስጥ ያ ጎን ራሱ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ይሆናል፤ የገባውን ጨረር ተቀብሎ ወደ ክፍሉ ያሻግራል። አዲስ የሚሠራ ሰው መስኮቱን ወደ ደቡብ ቢያደርገው ይጠቀማል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ውርጩ በሚበረታበት ወቅት፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ብርሃኗም ሙቀቷም በዚያ በኩል ይገባል።

ባና በግድግዳ ላይ

መንዝ የበግ አገር ነው። ሴቶች የሚፈትሉትን ሱፍ ወንዶች ሸማኔዎች ባናና ምንጣፍ ያደርጉታል፤ ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ በጉ የተወለደበት ቀለም ነው፣ ማቅለሚያ አልነካውም። እንዲህ ያለ ምንጣፍ ከመደቡ ጀርባ ሲሰቀል የድንጋዩ ቅዝቃዜ ጀርባ ላይ አይደርስም፤ ድምፅም አያስተጋባም፣ ንግግሩ ይለዝባል። ከብርሃን አንጻር ግን ሱፍ ብዙ ይውጣል። ስለዚህ ቦታው መብራቱ የሚያርፍበት ግድግዳ አይደለም፤ ከፊት ለፊቱ ያለው ነው። አንዱ ግድግዳ ያበራል፣ ሌላው ያሞቃል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ሳይወጣ አንድ ምሽት ሊሞከር ይችላል። ሶላሯን ከመስቀል በፊት በእጅ ይዞ ክፍሉን መዞር ነው። ከፍ አድርገው ሲይዟት ግድግዳው ሜዳ ሆኖ ይታያል፤ ምንም የለበትም። ወደ መደቡ ዝቅ አድርገው፣ ከግድግዳው ስንዝር ያህል አርቀው ሲይዟት ግን ባለፈው መስቀል የለሰነችው እናት የጣቶቿ መስመር አንድ በአንድ ይነሣል፤ ቅስቱ ከቅስቱ ጋር ተያይዞ እስከ በሩ ይሄዳል። ምስማሩ መመታት ያለበት እዚያ ነው።