የፈንታሌ ስንጥቆች ምን ይነግሩናል?

ወንጂ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ስኳር ነው። በሥነ ምድር ጽሑፎች ግን ወንጂ የስንጥቅ መጠሪያ ነው፤ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ የተዘረጋው ወጣት የስንጥቆች ቀበቶ ስሙን ያገኘው ከዚህችው የአዳማ ጎረቤት ነው። ቀበቶውን በእግር ተጉዘን ልናይ ከምንችልባቸው ሥፍራዎች አንዱ ከአዳማ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ በመተሐራ አጠገብ የሚገኘው ፈንታሌ ተራራ ነው።

የፈንታሌ ከፍታ 2007 ሜትር ገደማ ነው። በአናቱ ያለው ሰፊ ጎድጓዳ፣ ማለትም ካልዴራ፣ የተፈጠረው ከሥሩ ብዙ ቅልጥ አለት በፍንዳታ ወጥቶ ጣሪያው በመደርመሱ ነው። ያን ጊዜ የወረደው ትኩስ አመድ እርስ በርሱ ተጣብቆ ጠንካራ አለት ሆኗል። በደቡብ ግርጌ የሚታየው ጥቁር ላቫ ግን በ1812 ዓ.ም. ገደማ የፈሰሰ ነው፤ በሥነ ምድር አቆጣጠር የትናንት ያህል ነው።

አሁን ጥቂት ስሌት እንሥራ። ስምጥ ሸለቆው በዚህ አካባቢ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ይህ በ200 ዓመት 1 ሜትር ይሆናል። ይሁን እንጂ መሬቱ በየቀኑ እኩል እየተከፈተ አይሄድም። የምድር ቅርፊት እንደ ተለጠጠ ላስቲክ ውጥረቱን ለረጅም ዘመን ያከማቻል፤ ቅልጥ አለት ሰርጎ ሲገባ ውጥረቱ በአጭር ጊዜ ይለቀቃል። በአፋር፣ በዳባሁ፣ በመስከረም 1998 ዓ.ም. የጀመረው ክስተት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ስንጥቅ ከመሬት በታች እስከ 8 ሜትር አስፍቷል።

በ2017 ዓ.ም. ተራው የፈንታሌ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ቅልጥ አለት ከፈንታሌ ወደ ዶፈን አቅጣጫ ከመሬት በታች ሰረገ፤ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥም አስከተለ። ላቫ ወደ ገጸ ምድር ባይፈስም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። የመሬቱን መፈናቀል ሳተላይቶች በራዳር ለክተውታል።

ስለዚህ ወደ ፈንታሌ የሚጓዝ ተማሪ አስቀድሞ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ፤ ያለ መሪ አይውጣ፤ እንፋሎት ወደሚወጣበት ጉድጓድም አይጠጋ። ኮምፓስና ሜትር ይያዝ፤ የስንጥቆቹን አቅጣጫ መዝግቦ ከመንገዱ፣ ከባቡር ሐዲዱና ከከተማው ጋር በካርታ ላይ ያስተያይ። ነገ ድልድይና ትምህርት ቤት የት እንደሚሠራ የሚወስነው መሐንዲስ ዛሬ ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት አንዱ ሊሆን ይችላልና።