የቤዝ ድምፅ ከወዴት ይመጣል? በአነስተኛ ገንዘብ ለባንድ ልምምድ አምፕ ስለመምረጥ

በጋን ያቭኔ፣ በቂርያት መላኪ፣ በገደራ ወይም በያቭኔ ወጣቶች ባንድ ሲያቋቁሙ ያላቸው ገንዘብ ቀድሞ የሚሄደው ለኪቦርድ፣ ለማይክሮፎንና ለድራም ነው። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ቤቱ ሲለማመድበት የኖረውን ትንሽ አምፕ ይዞ ይመጣል። ድራሙ እስኪጀመር ድረስ ደኅና ይሰማል። ከዚያ በኋላ ግን እሱ ራሱ ምን እንደሚጫወት አያውቅም። አምፑን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል፤ ስፒከሩ ይርገፈገፋል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ኖታው ግን አይለይም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ዋት ልግዛ?» የሚል ነው። በእኔ እምነት ነገሩ ከዚያ መጀመር የለበትም። ኪሱ ያልሞላ ሰው ገንዘቡን ማዋል ያለበት በስፒከሩ ስፋት ላይ ነው፤ ቀጥሎ የሚለማመድበትን ክፍል ጠባይ ማወቅ አለበት። ዋት ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

ጉዳዩ ለእኛ ሙዚቃ ቀላል አይደለም። በሰርጋችንና በድግሳችን የቤዙን ሥራ ለብዙ ዓመታት ሲሸፍን የኖረው የኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጅ ነው። የቀድሞዎቹን ባንዶች ሥራ በደንብ ያዳመጠ ሰው ግን የጎደለውን ያውቀዋል። የማሕሙድ አሕመድ «ኤሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ አጃቢው አይቤክስ ባንድ ነበር፤ ቤዙን የያዘውም ጆቫኒ ሪኮ ነው። የዋልያስ ባንድ የ1977ቱ «ቼ በለው» አልበምም ያለ ቤዙ ሊታሰብ አይችልም። እዚህ እስራኤል ውስጥ ዝቩሉን ደብ ሲስተም የተባለው ባንድ በ2014 «አንበሳ ደብ»ን ሲያወጣ የአማርኛን ዜማ በሬጌ ላይ አሳረፈው፤ ሬጌ ደግሞ ዜማውን ያህል ለቤዝ ቦታ የሚሰጥ ሙዚቃ ነው። ዛሬ ቤዝ የሚያነሣ ልጅ የሚቀጥለው ይህን መስመር ነውና ሊሰማ ይገባዋል።

ዋት አምፑ ወደ ስፒከሩ የሚልከው የጉልበት መጠን ነው እንጂ የድምፅ መጠን አይደለም። ጉልበቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚያድገው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ያስተውለዋል፣ ግን አይደነቅበትም። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን 10 ዴሲቤል ገደማ መጨመር አለበት፤ ለዚህም ጉልበቱ ዐሥር እጥፍ መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ ባለ 50 ዋቱን ሸጦ ባለ 100 ዋት የገዛ ልጅ፣ ስፒከሩ ያው ከሆነ፣ የሚያገኘው ለውጥ ከጠበቀው በጣም ያንሳል። በዚያው ስፒከር እጥፍ ድምፅ ቢፈልግ 500 ዋት ሊያስፈልገው ነው፤ ያንን ደግሞ ትንሽ ስፒከር አይችለውም፣ ይቃጠላል። የሚጻፉት ቁጥሮችም ሁሉ እኩል የሚታመኑ አይደሉም። «ፒክ» የተባለው ለቅጽበት ብቻ የሚወጣ ጉልበት ነው። ለማወዳደር የሚረዳው «አርኤምኤስ» የሚባለው፣ አምፑ ሳያቋርጥ የሚሰጠው መጠን ነው።

ቤዝ ከሌላው መሣሪያ ይልቅ የሚቸገርበት ምክንያት በጆሯችን ውስጥ አለ። የሰው ጆሮ ለወፍራም ድምፅ ደካማ መሆኑን ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1933 ለክተው አሳይተዋል። የባለ አራት ክር ቤዝ ወፍራሟ ክር፣ ኢ፣ ጣት ሳያርፍባት ስትመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ትርገበገባለች፤ በባለ አምስት ክሩ ላይ ያለችው ቢ ወደ 31 ትወርዳለች። በዚህ ዝቅታ ላይ ያለ ድምፅ ከመካከለኛው ድምፅ ጋር እኩል ጎልቶ እንዲሰማን 30 ዴሲቤል ገደማ መብለጥ አለበት። ደግነቱ ጆሮ ኖታውን የሚለየው ከመሠረቱ ብቻ አይደለም። ከ41ዱ በላይ በ82፣ በ123፣ በ165 ኸርዝ አብረው የሚወጡ ድምፆች አሉ፤ የኖታውን ማንነት በብዛት የሚነግሩን እነሱ ናቸው። እንግዲህ የልምምድ አምፕ ግድግዳ ማንቀጥቀጥ አይጠበቅበትም። ከ80 እስከ 800 ኸርዝ ያለውን ሳይሻክር ካወጣ ቤዙ ከድራሙ መሀል ጎልቶ ይወጣል።

ያንን ለማውጣት ብዙ አየር መገፋት አለበት፤ አየሩን የሚገፋው የስፒከሩ ፊት ነው። ባለ 8 ኢንች ስፒከር አየር የሚገፋው ፊቱ 210 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ 10 ኢንቹ 340፣ ባለ 12ቱ 520፣ ባለ 15ቱ 860 ገደማ ይደርሳል። አንድ ባለ 15 ኢንች ከሁለት ባለ 10 ኢንቾች ይሰፋል ማለት ነው። አራት ባለ 10 ኢንች የያዘ ሳጥን ግን ሁሉንም ይበልጣል። አምፔግ የተባለው ኩባንያ በ1969 ያወጣው ኤስቪቲ አምፕ ሲነሣ ሰው የሚያስታውሰው 300 ዋቱን ነው፤ ዝናው ግን በአንድ ሳጥን ውስጥ ከተደረደሩት ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮችም የመጣ ነው።

የስፒከር ሰዎች የሆፍማን ሕግ የሚሉት አለ። ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ወፍራም ድምፅ፣ በትንሽ ጉልበት ብዙ ድምፅ፤ ከሦስቱ ሁለቱን እንጂ ሦስቱንም ማግኘት አይቻልም። ይህ ሕግ ገንዘብ ለሌለው ሰው መልካም ዜና ይዟል። ዛሬ ገበያው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ቀላልና ትንሽ ዕቃ ነው፤ በየምሽቱ መድረክ የሚቀይር ሙዚቀኛ ወገቡን ማዳን ይፈልጋል። ስለዚህ የድሮው ከባድ ባለ 15 ኢንች ሳጥን ወይም አራት ባለ 10 ኢንች የያዘው ፈላጊ አጥቶ በርካሽ ይሸጣል። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚለማመድ ባንድ ግን ሳጥኑን የሚሸከመው አንድ ጊዜ ነው። ክብደቱን ከተቀበለ ድምፁን በቅናሽ አገኘ። ለእኔ ከሁሉ የሚሻለው ግዢ ይህ ነው፤ ያገለገለ ትልቅ ሳጥን፣ በላዩም ከ200 እስከ 300 እውነተኛ ዋት የሚሰጥ አምፕ። ድራመሩ በዱላ አጥብቆ የሚመታ ከሆነ ይህ በቂ ነው። ከበሮና ክራር ባለበት፣ ድራሙም ለስለስ በሚልበት ባንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያለው የ100 ዋት ኮምቦ (አምፑና ስፒከሩ በአንድ ሳጥን የሆነ) ያደርሳል።

ኮምቦ የሚመርጥ ሰው፣ ጀርባው ላይ ለተጨማሪ ስፒከር መውጫ መኖሩን አይቶ ይግዛ። የፌንደር ራምብል 500 ጥሩ ምሳሌ ነው። ስሙ 500 ቢልም በራሱ ሁለት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ብቻ ሲሠራ የሚሰጠው 350 ዋት ነው፤ 500 የሚሆነው ሌላ ባለ 8 ኦም ሳጥን ሲጨመርለት ነው። ጭማሪው ዋቱ ብቻ አይደለም፤ አየር የሚገፋው ስፋትም አብሮ ያድጋልና ሁለተኛው ሳጥን ከማንኛውም አዲስ አምፕ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ዛሬ ግማሹን፣ ከዓመት በኋላ ቀሪውን መግዛት ለሚችል ወጣት ይህ መንገድ ይመቻል።

እዚህ ላይ ኦምን፣ ማለትም ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየውን ተቃውሞ፣ መጠንቀቅ ግድ ነው። ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥኖች አብረው ሲያያዙ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ሁለት ባለ 4 ኦም ሲያያዙ 2 ኦም ይሆናሉ። አብዛኞቹ አምፖች ከ4 ኦም በታች አይወርዱም፤ ከወረዱ ይግላሉ፣ ይጠፋሉ፣ ይቃጠላሉ። በአምፑና በሳጥኑ መካከል የሚገባውም ወፍራሙ የስፒከር ኬብል ነው። የጊታሩ ኬብል ቢገጥም እንኳ ለዚያ ጉልበት አልተሠራም።

ያገለገለ ዕቃ በያድ ሽታይም ድረ ገጽ ወይም ከሰው እጅ የሚገዛ ሰው ቤዙን ይዞ ይሂድ። አምፑ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ በከፍተኛ ድምፅ ይሥራ፤ ሲግል ብቻ የሚታይ ብልሽት አለ። መዞሪያዎቹ ሲዞሩ መንጫጫታቸው ቀላል ነው፣ ይጸዳል። ስፒከሩ ግን በእጅ ቀስ ተብሎ ወደ ውስጥ ሲገፋ የሚፋቅ ነገር ከተሰማ ጠምዛዛው ሽቦ ተጎድቷልና ይተው። መለኪያ ያለው ደግሞ ስፒከሩን ይለካ፤ ባለ 8 ኦሙ 6 ገደማ ማሳየቱ ጤናው ነው። ከአሜሪካ የመጣ አምፕ ሲሆን የኤሌክትሪኩ ቁጥር ከዋጋው በፊት ይታይ። የእስራኤል መብራት 230 ቮልት ነው፤ 120 ብቻ የተጻፈበት ዕቃ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ እዚያው ያበቃለታል። የትራንስፎርመሩ ዋጋ ሲጨመር ርካሽ የመሰለው ውድ ሊሆን ይችላል።

ምንም ገንዘብ የሌለው ባንድስ? ለሰርግ የሚጫወቱ ባንዶች ብዙ ጊዜ አምፕ በውስጣቸው ያለ ባለ 15 ኢንች አክቲቭ ስፒከሮች አሏቸው። ቤዙን በዲአይ ቦክስ፣ የመሣሪያውን ድምፅ ለሚክሰሩ በሚያስማማው ትንሽ ሳጥን፣ አድርጎ ወደ ሚክሰሩ ማስገባት ይቻላል፤ ቤዝ ክራርም በዚሁ መንገድ ይገባል። ሁለት ስፒከር ካለ አንዱን ለቤዝና ለኪቦርድ፣ ሌላውን ለድምፃዊው መተው ይሻላል፤ ቤዙ ከድምፃዊው ጋር በአንድ ስፒከር ሲወጣ የዘፈኑን ቃል ያደበዝዘዋል።

አሁን ወደ ክፍሉ። በእኛ አካባቢ ልምምድ ብዙ ጊዜ የሚደረገው በቤት ማማድ (መጠለያ ክፍል) ወይም በሕዝብ ሚክላት (መጠለያ) ውስጥ ነው። ወፍራም ኮንክሪት ጎረቤትን ከጊታርና ከድምፃዊ ያሳርፋል፤ ለቤዝ ግን ክፉ ክፍል ነው። ድምፁ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይመላለሳል፣ የሚውጠው ነገር የለም። በሁለት ግድግዳዎች መካከል ያለው ርቀት 3 ሜትር ከሆነ ክፍሉ 57 ኸርዝ ላይ ይጮኻል፤ ይህም ከኤ ኖታ አጠገብ ነው። 4 ሜትር ከሆነ 43 ኸርዝ፣ በኢና በኤፍ መካከል። የ2.5 ሜትር ጣሪያ ደግሞ ሲ ሻርፕን ያነሣል። ርዝመቱና ወርዱ እኩል በሆነ ማማድ ውስጥ ሁለቱ ጩኸቶች ይደራረባሉ። በዚያ ላይ ይህ ጩኸት ግድግዳው ሥር እጅግ ሲበረታ፣ የክፍሉ መሀል ላይ ይጠፋል። ድራመሩ ግድግዳውን ተደግፎ «ቤዙ በዛ» ሲል፣ መሀል የቆመው ቤዝ ተጫዋች ደግሞ ምንም አይሰማም ሲል ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ይህን ያላወቁ ባንዶች በከንቱ ይጣላሉ፤ ያሳዝነኛል።

በእኛ ቅኝት ይህ ችግር ይብሳል። ቅኝቱ ያለው አምስት ድምፅ ነው፤ ቤዙም ደጋግሞ ወደ መነሻው ይመለሳል። መነሻው ኤ ከሆነና ክፍሉ 3 ሜትር ከሆነ፣ አንዱ ድምፅ ሌሎቹን አራቱን ይውጣቸዋል፤ ትዝታም ሆነ አምባሰል ጠባዩን ያጣል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። አምፑን ከጥግ ማውጣት፣ ከመሬት ወደ ወንበር ከፍ አድርጎ ወደ ጆሮ ማዞር፣ በኢኳላይዘር ከ60 ኸርዝ በታች ያለውን ቀንሶ ከ200 እስከ 800 ያለውን ትንሽ ማንሣት፣ ፍራሽና ወፍራም ምንጣፍ ማስገባት። ምንጣፉ ወፍራሙን ድምፅ ብዙም አይውጠውም፤ የሲምባሉን ነጸብራቅ ግን ስለሚቀንስ ሁሉም ሰው ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ይደፍራል።

ዝቅ ማድረጉ ለጆሮም ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ኒዮሽ ባወጣው መለኪያ 100 ዴሲቤል ላይ ያልተሸፈነ ጆሮ በቀን ሊቆይ የሚገባው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ድራም በጠባብ ኮንክሪት ክፍል ውስጥ ያንን በቀላሉ ያልፋል። በጀቱ ምንም ያህል ቢጠብ ለእያንዳንዱ ልጅ የጆሮ መክደኛ ከኬብሉ በፊት ይገዛ። የጠፋ መስማት በምንም ዋጋ አይመለስም፤ እናትና አባትም ስለ ጩኸቱ ከመቆጣት ይልቅ ይህን ቢጠይቁ ደስ ይለኛል።

ለማትናሶች፣ ለማኅበረሰብ ማእከሎቹ፣ አንድ ሐሳብ አለኝ። በየሚክላቱ ወጣቶች የሚለማመዱበት ቦታ ካለ፣ ማትናሱ አንድ ያገለገለ ባለ 15 ኢንች ወይም አራት ባለ 10 ኢንች የያዘ ሳጥን ገዝቶ እዚያው ያስቀምጥ። መግቢያውን እንዳይዘጋ ከውስጥ ባለው ግድግዳ በኩል ይቀመጥ፤ ሳይረን ሲሰማ ክፍሉ የሁሉም ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቤዝ ተጫዋች ይዞ የሚመጣው ሁለት ሦስት ኪሎ የምትመዝን ትንሽ አምፕ ብቻ ይሆናል፤ ውዱና ከባዱ ነገር የጋራ፣ ርካሹና ቀላሉ የግል ይሆናል። በሳጥኑ ጀርባ ላይ ደግሞ ስንት ኦም እንደሆነ በማይለቅ ቀለም በትልቁ ይጻፍበት።